ስኳር የምትሰብረው ጎረቤቴ

በደንብ አላውቃትም፤ ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ግድግዳ እንጋራለን። ባሏ ሲደበድባት ይሰማኛል። ጠዋት አገጯን በሻርፕ ሸፍና፣ ነጭ ጋወኗን በክንዷ ይዛ ወደ ላቦራቶሪ ትሄዳለች። ዛሬ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ስትቀመጥ ሥራዋን ጠየቅኋት።

«የሞለኪውል ክብደታቸው አንድ የሆኑ የስኳር ዓይነቶችን እለያለሁ፣ ጋሼ። ሚዛን አይለያቸውም። መሣሪያው ውስጥ ከጋዝ ጋር አጋጭተን እንሰብራቸዋለን። ሁሉም አንድ ቦታ ላይ አይሰበሩም፤ የምናውቃቸው በዚያ ነው።»

«ስኳርም ይደበደባል እንዴ፣ እህቴ?» አለ ሾፌሩ።

ሳቀች። ሻርፑ ሲንሸራተት ያበጠ መንጋጋዋን አየሁ፤ የተሰነጠቀ ከንፈሯም እንደገና ደማ።

መጠየቅ ይገባኝ እንደሆነ ሳላውቅ፣ «ማታ እዚያው ቤት ትመለሻለሽ?» አልኳት።

«ወራጅ አለ» አለች ለሾፌሩ። ላቦራቶሪው ገና ሩቅ ነበር።