የመርዶው ላንድሮቨር

ሙሐሲን ላንድሮቨሩን ከአንድ መሥሪያ ቤት ጨረታ ሲያወጣው ሐሳቡ እህል ለማመላለስና ሠርግ ለማድመቅ ነበር። ከተማው መካነ ሰላም ግን ለሌላ ሥራ መረጠችው። ያን ጊዜ የወሎ ቦረናን ዳገትና ቁልቁለት የሚደፍር የግል መኪና እንደ ልብ አይገኝምና፣ ሰው ሩቅ አገር ዘመድ ሲሞትበት "እስቲ ሙሐሲንን ጥሩት" ይባላል። ሐዘንተኛው "እናትህን ትንሽ አሟታል፣ ሄደህ ጠይቃት" ተብሎ ይጫናል። ሽማግሌዎች ግራና ቀኝ ይዘውት ይቀመጣሉ፤ ሙሐሲን ዝም ብሎ ይነዳል። መርዶው የሚነገረው እዚያ ሲደረስ ነው።

እንዲህ እንዲህ ሲል መኪናው "መርዶ ነጋሪ" የሚል ስም ወጣለት። የጭስ ማውጫው፣ ማርሚታው፣ ከተበሳ ወዲህ ደግሞ ድምፁ ከሩቅ ስለሚለይ፣ በየመንደሩ ሲሰማ ሴቱ ሥራውን ጥሎ በር ላይ ይቆማል። አንድ ጊዜ ከላላ ከተማ ላይ ራዲያተሩ ግሎበት ውሃ ሊለምን ከአንድ ደጅ ቢያቆም፣ የቤቱ እመቤት ምንም ሳትጠይቅ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ልቅሶዋን አቀለጠችው። ውሃ ብቻ እንደፈለገ እስኪያስረዳት ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ነበር። ውሃውንስ ሰጡት፤ የሰጡት ግን ከነእርግማኑ ነው።

ልጁ ፈርሂያ ያደገችው በዚሁ መኪና ድምፅ ነው። ትንሽ ሳለች ማርሚታው ሲያጓራ ከሰማች እየሮጠች ትወጣና "አባ፣ ዛሬ ማን ሞተ?" ትለዋለች። እሱም ማንንም ቀብሮ ይምጣ፣ መልሱ አንድ ነው። "ማንም አልሞተ፣ የኔ ልጅ። ግቢ፣ ብርድ ነው።"

ይህችው ልጅ አድጋ አሥረኛ ክፍል ጨረሰች። አባቷ መምህርት ትሆንልኛለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ከደላላ ጋር ተነጋግራ ሳትሰናበተው አረብ አገር ገባች። ሙሐሲን ጋቢውን ተከናንቦ ተቀመጠ። ሊያጽናኑት ለመጡት ጓደኞቹ፣ "ፈርሂያ ሞታለች። ከእንግዲህ ስሟን እፊቴ የሚያነሳ ወዳጄ አይደለም" አላቸው። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው። ከልቡ አልነበረም፤ ነገር ግን ሙሐሲን የተናገረውን መልሶ የሚውጥ ሰው አይደለም። ሚስቱ ፈይዛ ከልጇ ጋር በስልክ ስታወራ ተነስቶ ይወጣል። ይወጣል እንጂ አይርቅም፤ በሩ ሥር ቆሞ የጫማውን ጭቃ ያራግፋል። ጭቃ በሌለበት በበጋም ያራግፋል።

ዘንድሮ ግን ያ ስልክ ዝም አለ። ሳምንት አለፈ፣ ወር ተተካ፣ ፈርሂያ አልደወለችም። ፈይዛ ዓይኗ ቀልቶ ትውላለች። ሙሐሲን "ምን ሆነች?" ማለት አቃተው። ሞታለች ያላትን ልጅ በምን አፉ ደኅንነቷን ይጠይቅ?

ጓደኞቹ "መንገድ እንውጣ" ያሉት በዚህ መሀል ነው። ጓደኞቹ ሁለት ናቸው፤ ሦስቱን ያገናኛቸውም ያረጀ መኪና መውደድ ነው። መምህር ንጉሡ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ሲሆን ሰማያዊ ቮልስ አለችው። ሁዜይፋ ከሳዑዲ ተመልሶ ሱቅ የከፈተ ጎልማሳ ነው፤ እኩዮቹ አዲስ መኪና ሲመኙ እሱ በዕድሜ የምትበልጠውን ቶዮታ ገዝቶ ሲወለውላት ይውላል።

"መቅደላን ሳናይ ልንሞት ነው" አለ መምህር ንጉሡ አንድ ጠዋት። "በየመኪናችን ሆነን በአጅባር በኩል እንሂድ።"

"አሁን ምን አስታወሰህ?" አለው ሙሐሲን።

"መንገዱ ደርቋል።"

"ይምጡ እንጂ አያ ሙሐሲን፣ ነፋስ ይቀበሉ" አለ ሁዜይፋ። ሲናገር ግን የሚያየው መሬት መሬቱን ነበር።

ሙሐሲን ጠረጠረ። ፈይዛ በዚያው ሳምንት "እህቴን ትንሽ አሟታል" ብላ አጅባር ሄዳለች። "ትንሽ አሟታል" የምትለዋን ነገር እሱ አሳምሮ ያውቃታል፤ በመኪናው ስንት ጊዜ ተጭናለች። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ የጠረጠረውስ ምን ያድርግ? ከሄደ ይነግሩታል። ከቀረ ልጁ ለጊዜው በሕይወት አለች፤ እሱ ግን ጣራ ሲቆጥር ሊያድር ነው። ፈራ፤ ፈርቶም ሄደ።

ሲነሱ ሁዜይፋ፣ "የርስዎን መኪና ሌላ ሰው ይንዳው፤ ዛሬ ይረፉ" አለው። ሐዘንተኛ መሪ አይዝም፤ ይህም የታወቀ ነው። ሙሐሲን ግን "መሪዬን ለሰው ሰጥቼ አላውቅም" አለና ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ቮልሷ ከፊት ቀደመች፤ ቶዮታዋ ከኋላ ቀረች። ሙሐሲን በመስታወቱ አያት። ልቡ የጠረጠረ ሰው ከመንገድ እንዳይመለስ እንዲህ ከፊትም ከኋላም ይያዛል። ይህን ዘዴ ለከተማው ያስተማረው ራሱ ነው።

ዳገቱን ሲያያዙት ብርዱ በረታ። ገብሱ ታጭዷል፤ በስተግራ ገደሉ አፉን ከፍቷል። ቮልሷ በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች አንዱ አፋፍ ላይ ስትደርስ ሞተር ሊያቀዘቅዙ ቆሙ። ወትሮ እዚህ ላይ ጦርነት ይነሳል። መምህር ንጉሡ "የኔዋ ውሃ እንኳ አትለምን፤ ያንተ ግን ሲጠጣ የሚውል ሰካራም" ሲለው፣ ሙሐሲን "ያንተዋ መኪና ሳትሆን ጎማ የገባላት ሳሙና ናት" ይለዋል። ዛሬ ግን መምህር ንጉሡ የላንድሮቨሩን ጭቃ መከላከያ ዳበስ ዳበስ አደረገና፣ "ጠንካራ መኪና ነው፤ እውነቴን ነው" አለ።

ይህ ሰው በዚህ ሁሉ ዓመት ላንድሮቨርን አመስግኖ አያውቅም። በጤናው አይደለም፤ አንድ ነገር ቢያውቅ ነው።

አቀስታ ሲደርሱ ከአንድ የእስላም ሥጋ ቤት አስገቡት። ጥብሱ መጣ። መምህር ንጉሡ ክርስቲያን ነውና ጥብሱን ሳይነካ ለራሱ ሽሮ አዘዘ። ሁዜይፋ ደግሞ አንዱን ጉርሻ ከአንዱ እያስከተለ "በሞቴ፣ በሞቴ" ይለዋል። "አስቀድማችሁ አብሉት፤ ከሰማ በኋላ እህል አይወርድለትም" እያለ ሽማግሌዎችን ሲመክር የኖረው ማን ሆነና! በዚህ ላይ ሁዜይፋ "ስልኬ ባትሪ ጨርሷል" ብሎ የሙሐሲንን ስልክ ተቀበለ፤ ራቅ ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ አወራና ስልኩን በገዛ ኪሱ ከተተው። ሙሐሲን አየ፤ ስልኬን መልስ ግን አላለውም። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ከአቀስታ በኋላ መንገዱን አላየውም። ያየው ፈርሂያን ነው፤ ጥርሷ ሲነቀል፣ ፊደል ስትቆጥር፣ መሪውን ይዛ ስትጫወት። ጠመዝማዛውን በዞረ ቁጥር አንድ ጊዜ ይቀብራታል። እንባው ጺሙን አረጠበው፤ መስታወት የሚጠርግ እየመሰለ በጋቢው ጠረገው። "ሞታለች" ብሎ የተናገረበትን አፉን ጠላው።

የአጅባር ቆርቆሮ ከወዲያ ማዶ ሲያብለጨልጭ ፍሬን ያዘ። መንገዱ መሀል ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ወረደ። ሁለቱም ከየመኪናቸው ወርደው ወደ እሱ መጡ።

"ከዚህ አላልፍም" አለ። "መርዶዬን እዚሁ ንገሩኝ።"

"የምን መርዶ?" አለ መምህር ንጉሡ።

"እኔን ነው የምታታልሉት? መሀል አስገብታችሁ አመጣችሁኝ፤ አበላችሁኝ፤ ስልኬን ወሰዳችሁ። አንተ ደግሞ ላንድሮቨሬን አመሰገንህ። በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ልጄ ምን ሆና ሞተች?"

"የቷ ልጅህ?"

"ፈርሂያ።"

ስሟን ከጠራ ዓመታት አልፈዋል። ድምፁም የሰነበተ በር ሲከፈት እንደሚያሰማው ሆነ።

መምህር ንጉሡ ወደ እሱ ተጠጋ። "እሷንማ ያረዳኸን አንተ ነህ" አለ ቀስ ብሎ። "ሞታለች አልኸን፤ እኛም ስሟን ሳናነሳ ኖርን። ዛሬ እኛ ምን የምንነግርህ አዲስ መርዶ አለ?"

ሙሐሲን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ይህን አይቶ ሁዜይፋ አልቻለም።

"ተው እንጂ መምህር! አያ ሙሐሲን፣ ፈርሂያ አለች። ወላሂ አለች። አሠሪዎቿ ስልኳን ነጥቀዋት ነበር፤ አምልጣ መጥታ አክስቷ ቤት ናት። እማማ ፈይዛም እዚያው ናቸው፤ ቅድም የደወልኩት ለሳቸው ነው፤ ስልክዎን የያዝኩትም መልሰው ቢደውሉ ብዬ ነው። ቤትሽ ግቢ ብንላት፣ 'አባቴ ሞታለች ብሏል፤ የሞተ ሰው በየት በኩል ይገባል?' አለችን። ሽማግሌዎች ተቀምጠው ይጠብቁዎታል።"

ሙሐሲን ቀና ብሎ፣ "ለምን አልነገራችሁኝም?" አለ።

"ብንነግርህ ትመጣ ነበር?" አለው መምህር ንጉሡ።

ራሱን መረመረ። አይመጣም ነበር። ጠዋት ቢነግሩት ጋቢውን ተከናንቦ "የማን ልጅ?" ይል ነበር። አሁን ግን በየጠመዝማዛው ሲቀብራት መጥቷል፤ ቀብሯት ያገኛትን ልጅ የሚያኮርፍበት አቅም አልቀረውም።

"ታዲያ ለምን እንደዚያ አበላችሁኝ?"

"ራበህ ብለን ነዋ።"

"ላንድሮቨሬንስ?"

"ሊያስታርቅ የሚሄድ ሰው አይሳደብም። ነገ ስንመለስ ሰካራም መሆኑን እነግርሃለሁ።"

ሙሐሲን ተነስቶ ገባ። ቁልፉ ግን ቀዳዳውን አላገኝ አለ። ሁለት ጊዜ ሞከረ፤ ከዚያ ወርዶ ቁልፉን ለሁዜይፋ ሰጠው። ሁዜይፋ ቶዮታዋን ዳር አስይዞ መሪውን ያዘ። ሙሐሲን በገዛ መኪናው፣ ሐዘንተኞቹ ሲቀመጡበት በኖሩት ቦታ፣ ተሳፋሪ ሆኖ ተቀመጠ።

ፈርሂያ አባቷ እንደሚመጣ አልተነገራትም፤ ሰምታ ትጠፋለች ተብሎ ተፈርቷል። ማርሚታው የአጅባርን መንደር እያናወጠ ሲገባ ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው በየበሩ ቆሙ። ደጃፍ የተቀመጡት ሽማግሌዎች ተነሱ። ሁዜይፋ ሞተሩን ሳያጠፋ የአክስቷ በር ተበረገደና አንዲት ከሲታ ሴት በባዶ እግሯ እየሮጠች ወጣች። የመጣው ማን መሆኑን አላሰበችም፤ የሰማችው ድምፁን ብቻ ነው። ሙሐሲን ሲወርድ ከፊቱ ደርሳ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ቆመች።

"አባ" አለች፣ "ማን ሞተ?"

ሙሐሲን ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ አለበሳት።

"ማንም አልሞተ፣ የኔ ልጅ" አላት። "ግቢ፣ ብርድ ነው።"