ጅኒሌውን ስለ ወንድሜ የጠየቅሁ ቀን

ታላቅ ወንድሜ ከዱብቲ በሁለት ግመል ጨርቅ ጭኖ ወደ አርብቶ አደሮቹ እንደወጣ ቀረ። እኔ አዋሽ ከተማ ሱቃችን ውስጥ ስጠብቅ ወንዙ ታች ዱብቲ ላይ ሞላ የሚል ወሬ መጣ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ወንድሜ ደግሞ የይለፍ ወረቀት አልያዘም። ቀበሌ ሄጄ «ጠፋብኝ» ብል አይፈልጉልኝም፤ ካገኙት ግን ያስሩብኛል።

በጭነት መኪና ወደዚያው ወረድኩ። ዛሬ ሰመራ ያለበት ሜዳ ያኔ ነፋስና ጥቁር ድንጋይ ብቻ ነበር። እዚያ የሰፈሩ አንድ ደንበኛዬ የሆኑ የአፋር ሽማግሌ ወደ ጅኒሌው ወሰዱኝ። ወንዶቹ ከበውት ሲዘፍኑለት መንፈስ ይመጣበትና ስለ ራቀ ሰው ይናገራል። በሃይማኖቴ እንደማይፈቀድ አውቃለሁ፤ አላህ የወንድም ነገር ይገባዋል ብዬ ገባሁበት።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ክብ ሠሩ። ያመጣሁትን ትንባሆ አስረክቤ ዳር ተቀመጥኩ። አጨበጨቡ፣ ዘፈኑ። ጅኒሌው መሀል ቆሞ ዝም።

«ምነው?» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«አንተ ወሎዬ፣ ወንድም የጠፋብህ አንተ ነህ ወይስ እኛ?»

«ትንባሆውን ሰጠሁ እኮ፣ አባቴ!»

«እሱን አጨስነው። ተነስና ዝፈን።»

ዘፈን አላውቅም። አፌ ላይ የመጣው ገበያ የምጮኸው ነበር፦ «ጠጋ በሉ፣ እዩት፣ ዳስሱት!» ሳቁብኝ። ከዚያ ተቀበሉኝ፤ በእነሱ አፍ ዜማ ሆነ። ክቡ ተወዛወዘ፣ አቧራው ቀይ ብርሃን ጠጥቶ ተነሳ፣ እግሬ መሬቱን የለቀቀ መሰለኝ። ሜዳው ሁሉ ቀስ እያለ የሚፈስ ወንዝ ሆነብኝ።

ጅኒሌው ተንቀጠቀጠና ተናገረ። ሽማግሌው ተረጎሙልኝ፦ «ከውሃው ማዶ፣ ግራር ሥር ሰው ተኝቷል። ትኩሳት ይዞታል። ሴት ወተት ታጠጣዋለች።»

ስለ ግመሎቹ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሽማግሌው ክንዴን ቆነጠጡኝ። «የዘፈንከው ለሰው ነው!»

በማግስቱ የግመል ጭራ ይዤ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ ከሽማግሌው ኋላ ወንዙን ተሻገርኩ። ግራሮቹ ብዙ ነበሩ፤ የሰሌን ጎጆ ያለው ግን ከአንዱ ሥር ብቻ ነበር። ወንድሜ ከስቶ ተጋድሟል። አንዲት ሴት ወተት በቅል ይዛ አጠገቡ ተቀምጣለች።

«ማነህ?» አለኝ።

«ወንድምህ ነኝ።»

«ውሸታም። ወንድሜ ውሃ ይፈራል።»

እግሩን ያዝኩ። ይሞቃል። ሴትየዋ ከልብሴ የሚንጠባጠበው ውሃ ወተቱ ውስጥ እንዳይገባ ቅሉን ወደዚያ አራቀችው።