በአውቶቡስ የተፈተነው ውሻ

ልጆቹ "እማዬ፣ የውሻውን ነገር ንገሪን እንጂ" እያሉ ስለወተወቱኝ ይኸው።

ፒያሳ አንዲት ግሪካዊት ልብስ ሰፊ ቤት እሠራ ነበር። ማዳም ወደ አገራቸው ሊመለሱ ሲሉ፣ ትንሹ ውሻቸው አውሮፕላኑ ውስጥ ከሰው መሀል ተቀምጦ እንዲሄድ ጨዋነቱን የእንስሳት ሐኪም መመስከር ነበረበት። አለዚያ ከዕቃ ጋር ይጫናል፤ አርጅቷልና አይተርፍም። ሐኪሙ ገና ሲያዩት፣ "ይሄማ ሰው መሀል ዝም አይልም" አሉ።

ተናደድኩ። "እዚህ ተቀምጠው አይፍረዱበት! አውቶቡስ ላይ ይምጡና ይዩት" አልኳቸው።

እሳቸውም እልህ ያዛቸው። ውሻውን ዘንቢል ውስጥ አስቀምጬ፣ ነጠላዬን ጣል አድርጌበት፣ ከምኒልክ አደባባይ ተሳፈርን፤ ሐኪሙ ከኋላዬ ተቀመጡ። ትኬት ቆራጩ ዘንቢሉን አየና፣ "እህት፣ ምንድን ነው የያዝሽው?" አለኝ።

"ዶሮ ነው።"

"በሁዳዴ?"

"ለፋሲካ ነዋ! አንተ ትኬትህን ቁረጥ።"

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። ሕፃን አለቀሰ፣ ጥሩምባ ጮኸ፣ አንዱም ዘንቢሉን በጉልበቱ ገፋው። ውሻዬ ግን ትንፍሽ አላለም። እንደወረድን ሐኪሙ የምስክር ወረቀቱን ፈረሙ።

ከብዙ ዓመት በኋላ የማዳም ልጅ መጥቶ እንደነገረኝ፣ ውሻው ጸጥ ብሎ ሲሄድ፣ አውሮፕላኑ በተናወጠ ቁጥር ሲጮኹ የደረሱት ለካ እናቱ ነበሩ።