በበቅሎ የተገዛ ዲግሪ

ሳይኮሎጂ ተምረህ አዋጣህ ወይ ብለው የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አላዋጣኝም እላቸዋለሁ። ብዙዎቹ በዚህ ረክተው ወሬ ይቀይራሉ። ረጅሙን መልስ የሚፈልግ ካለ ከበቅሎዋ መጀመር አለብኝ።

አባቴ ቄስ ነበሩ። ቤታችን ላሊበላ ነው፤ የሚቀድሱት ግን ከከተማው ውጭ፣ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ ቤተ ክርስቲያን ነበርና ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው በበቅሎ ይመላለሱ ነበር። ደርግ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት ከወሰደ በኋላ ከዚያች በቅሎ ሌላ ይህ ነው የሚባል ንብረት አልነበረንም። እኔ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተናውን ሳልፍ ቅዳሜ ገበያ አውጥተው ሸጧት። ትምህርቱ በነጻ ነበር፤ ጫማው፣ ብርድ ልብሱና የመኪናው መሳፈሪያ ግን ይከፈልባቸዋል። ልቤ ተነክቶ፣ በመጀመሪያው ደሞዜ በቅሎ እገዛለሁ ብዬ ማልኩ። ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ።

አራት ዓመት ስለ ሰው አእምሮ ተምሬ ተመረቅሁ። መንግሥት መልሶ ላሊበላ መደበኝና ስፖርት አስተማሪ አደረገኝ። የመደበኝን ሰውዬ ለምን ብዬ ብጠይቀው፣ ስለ አእምሮ የሚያስተምር ክፍለ ጊዜ እንደሌለ፣ ኳስ ግን አንድ እንዳለ አስረዳኝ። ከደሞዜ ለእናት አገር ጥሪ ይቆረጣል፤ ለቀበሌው አዳራሽ ይቆረጣል፤ ለምን እንደሆነ ላልተነገረን ነገርም ይቆረጣል። በመጀመሪያው ደሞዜ የገዛሁት ፊሽካ ነው። አባቴ በእግራቸው ይሄዱ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኪሳራው ልክ በኖረው። አንድ ቀን አንዲት ዕድሜያቸው የገፋ ጎረቤታችን መጥተው የትምህርት ቤቱ ሜዳ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና ስለ ምራታቸው ያጫውቱኝ ጀመር። እንደተማርኩት አደረግሁ። አላቋረጥኳቸውም፣ አልፈረድኩባቸውም፤ "ታዲያ ምን ተሰማዎት?" ብቻ አልኳቸው። አሮጊቷ አልቅሰው፣ መርቀውኝ ሄዱ። በማግስቱ "የቄሱ ልጅ ይሰማል፣ አያሰግድም" የሚል ወሬ ሰፈሩን አዳረሰው።

አባቴ የብዙ ቤት የነፍስ አባት ነበሩ፤ በቀኖና ደግሞ ቀልድ አያውቁም። ሐሜት የተናዘዘ መቶ ይሰግዳል፣ የጎረቤቱን ድንበር የገፋ ሳምንት ይጾማል። ሰው ይፈራቸዋል፤ ቢሆንም ለበዓል እህሉንም ጠላውንም ይዞላቸው ይመጣል፤ ቤታችን የሚተዳደረው በዚያ ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ የከበደውን እኔ ዘንድ አራግፎ ቀለል ብሎት ቤቱ ይገባል። ለእኔ ደግሞ ማንም ምንም አያመጣም፤ ደሞዝተኛ ነኛ! በዚያ ዓመት ለፋሲካ ወደ ቤታችን የመጣው ጠላ ሁለት እንስራ ብቻ ነበር። ዲግሪዬ በቅሎዋን ከበላ በኋላ ወደ ጎተራው ዞረ ማለት ነው። አባቴ አንድም ቃል አልተናገሩኝም፤ እኔ ግን አፈርኩ። "ወደ ነፍስ አባታችሁ ሂዱ" እያልኩ ብመልሳቸው፣ እንዴት ያለ ትሑት ልጅ ነው እያሉ ጭራሽ በዙ።

ሁለት ዓመት ቆጥቤ የበቅሎ ዋጋ ሞላሁ። ለቅዳሜ ገበያ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በእረፍት ሰዓት አባቴ ትምህርት ቤቱ ድረስ መጡ። ሜዳው ዳር ሁለት ሴቶች ተራ ይዘው ነበር። የነፍስ አባታቸውን ሲያዩ ደንግጠው ተነሡ።

"ተቀመጡ፤ ተራዬን እጠብቃለሁ" አሏቸው።

ሴቶቹ ነጠላቸውን ተከናንበው ሄዱ። አባቴ ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ።

"ለንስሐ አባቴ ተናዝዤዋለሁ፤ ሰግጄበታለሁም" አሉኝ። "ላንተ ግን አልነገርሁህም። ያን ፈተና ስትቀመጥ እንድትወድቅ ተስዬ ነበር። ዣንጥላ ላስገባ ብዬ።"

ፊሽካዬን ከአንገቴ አውልቄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"መሬቱ ሄደ፤ አንተም ከሄድህ ማን ይቀርልኛል አልሁ። ስታልፍ ጊዜ ፊትህን ማየት አቃተኝ። በቅሎዋን በደስታ ሸጣት ይላል ሰው፤ በሐፍረት ነው የሸጥኋት። የበደልሁት አንተን ነውና ቅጣቱን አንተ ተናገር።"

አቅፌያቸው ማልቀስ ፈልጌ ነበር። ግን ያን ያህል ዓመት የተማርኩት ቀደመኝ።

"እኔ እሰማለሁ እንጂ አልፈርድም፣ አባ" አልኳቸው። ፈተና ላይ ቢሆን ሙሉ ነጥብ የሚያሰጥ መልስ ነበር።



"እንግዲያስ እኔው ፈረድሁ" አሉ። "እስክሞት በእግሬ እሄዳለሁ። በቅሎ እንዳትገዛ።"

ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡና ሄዱ። ደወል ተደወለ፤ እኔም ፊሽካዬን ነፍቼ ልጆቹን አሰለፍኩ። ብሩ ሣጥኔ ውስጥ ቀረ፤ አባቴም ከዚያ በኋላ ስምንት ክረምት ያን መንገድ በእግራቸው ተመላለሱ።

አባቴ የታዘዙትን ቀኖና በዕድሜያቸው አንድም ቀን አጉድለው አያውቁም። ያን ዕለት "ቅጣትዎ በበቅሎ መሄድ ነው" ብላቸው ኖሮ፣ እያጉረመረሙም ቢሆን ይቀመጡባት ነበር። ይህ የታየኝ ግን በቀብራቸው ዕለት፣ አስከሬናቸውን ተከትዬ ወደ ዋሻው በእግሬ ስሄድ ነው።