እናቴ ያላመነችው ፊት

ኢንተርኔት ወደ ጎንደር ሲገባ እኔ ጀማሪ አስተማሪ ነበርኩ። ለሥልጠና የመጣው ሰውዬ ከፊታችን ቆሞ፣ «ከእንግዲህ ውሸት መድረሻ ያጣል። ሰው አገር ተሻግሮ ፊት ለፊት እየተያየ ሲያወራ ማን ማንን ያታልላል?» አለን። አጨበጨብን። ቤት ገብቼ ለእናቴ ብነግራት፣ «ወደፊቱን ደግሞ ማን አይቶት መጣ?» ብላ ምስሯን መልቀሟን ቀጠለች።

ዘንድሮ በጥቅምት አንድ ሰው ሳንጃ ከተማ የሚኖረውን የወንድሜን ድምፅ አስመስሎ ደወለና «መኪና ገጨኝ» ብሎ እናቴን አስጮኻት። ወንድሜ ሰሊጥ አጨዳ ላይ በሰላም ውሎ ነበር። ከዚያ ወዲህ እናቴ ስልክ ሲጠራ እጇን አትዘረጋም።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ስልኬ ላይ የቪዲዮ ጥሪ መጣ። ጠጉሯ የሸበተ ሴት እያለቀሰች የእናቴን የልጅነት ስም ጠራች። ወለቃ ሳሉ ጎረቤቷ የነበረች፣ ከሸክላ ሠሪ ቤተሰቦቿ ጋር እስራኤል የሄደች ጓደኛዋ ነኝ አለች።

እናቴ ስልኩን ከሩቅ አየችው። «ፊትም ይሠራል አሉ። እሷ ከሆንሽ፣ ገበያ ስንወርድ የእናትሽን እንስራ የሰበረችው ማን ናት?»

ሴትዮዋ በእንባዋ መሐል ሳቀች። «አንቺ ነሻ!»

«ዝጊው» አለችኝ እናቴ። «የሰበረችው እሷ ናት። ይቺ ሌላ ናት።»

ዘጋሁት። እኔም ብሆን የከንፈሯ እንቅስቃሴና ድምጿ አልገጥም ብሎኝ ነበር። ኔትወርኩ ይሁን ሌላ ተንኮል ለይቼ አላወቅሁም።

ከሳምንታት በኋላ ወለቃ የምትኖረው የእናቴ ታላቅ እኅት ልትጠይቀን መጣች። ነገሩን ስትሰማ እናቴ ላይ አፈጠጠች።

«ምነው! አንቺ ነሽ እንጂ የሰበርሽው። የገረፍኩሽ እኔ አይደለሁም እንዴ?»

እናቴ ቀስ ብላ «ደውይላት» አለችኝ።

ጓደኛዋ ስልኩን አነሳች፤ ካሜራዋን ግን አልከፈተችም። «ያን ቀን ፊቴ ላይ ዘጋሽብኝ። አሁንስ አንቺ መሆንሽን በምን ልወቅ?»

«የሰበርኩት እኔ ነኝ» አለች እናቴ። ወዲያው የሴትዮዋ ፊት ብቅ አለ። ሁለቱም አለቀሱ።

አሁን በየሳምንቱ ያወራሉ። እናቴ ግን ገና ሰላምታ ሳትጨርስ፣ «እስቲ ተነሽና ደጁን አሳዪኝ» ትላታለች። ጓደኛዋ ሳትቆጣ ትነሳለች። ከዚያ በተራዋ፣ የእኛን የቁስቋም ሰፈር ደጅ ሳታይ ወሬ አትጀምርም።