የኡርጂ ፊት

ኡርጂ ቦጂያ ቆንጆ ነበረች፤ ይህን ጠላቷም አይክድም። ግን ሱሉልታ ውስጥ ቁንጅና ወተት ከማመላለስ አያድንም። አባቷ ኦቦ ቦጂያ ከሞቱ ወዲህ ቤቱ የሚኖረው በአራት ላሞች ነው። እናቷ ተረፈች ታልባለች፤ ታላቅ ወንድሟ ሌንጮ ሣር ያጭዳል፤ ኡርጂ ጀሪካኑን ይዛ አስፋልት ዳር ለሚጠብቀው ተረካቢ ታደርሳለች። በ2008 መስከረም፣ ታኅሣሥ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ለሚደረግ የቁንጅና ውድድር ተመዝግባ ለመጨረሻ ከተመረጡት ሃያ ልጆች አንዷ ሆነች። የቤቱ የሥራ ድልድል ያኔ ተዘበራረቀ።

የውድድሩ አሠልጣኝ ኤርምያስ አንገቱን ከሻርፕ የማይለይ የከተማ ልጅ ነው። በመጀመሪያው ቀን አገጯን ይዞ ወደ ብርሃን አዞራት፤ በግ እንደሚገዛ ሰው አገላብጦ አያት።

"ቁመት አለሽ፣ ዓይን አለሽ። ቆዳሽን ግን ፀሐይ ጨርሶታል" አላት። "ከዛሬ ጀምሮ ፀሐይ የለም፣ ጭስ የለም፣ ለቅሶ የለም። ለቅሶ ዓይን ያሳብጣል። ገባሽ የኔ ቆንጆ?"

በደንብ ገባት። ጠዋት ጠዋት የወተቱን ስልባቦት ፊቷን ትቀባለች። ጥፍሯን አሳድጋ፣ ሞርዳ፣ ቀይ ቀለም አስነካችው። "ለሀገርሽ ምን ትመኛለሽ?" ተብላ ስትጠየቅ "ሰላም" ብላ ፈገግ እንድትል ተነግሯት ነበርና ፈገግታውን መስታወት ፊት ሸመደደችው። ወተት ማድረሱ የሌንጮ ሆነ። እሱ አላጉረመረመም። እንዲያውም ከጫንጮ ገበያ ሰፊ የሣር ባርኔጣ ገዝቶላት መጣ። በባለተረከዝ ጫማ ግቢውን ስትዞር ደግሞ አጥሩን ተደግፎ ይስቅባታል።

"ኡርጂ፣ ጥቁሯ ላማችን እኮ ካንቺ ትሻላለች አረማመዷ!"

ኅዳር ሲጋመስ የማስተር ፕላኑ ነገር ፈነዳ። አዲስ አበባ ሰፍታ መሬታችንን ልትውጥ ነው ተባለና ተማሪው አደባባይ ወጣ። ሰበታ ተኩስ አለ፣ ቡራዩ መንገድ ተዘጋ የሚለው ወሬ በየቀኑ ይመጣል። ወጣት ወንድ የተባለ በወታደር እየታፈሰ ይጫናል። ታኅሣሥ ውስጥ አንድ ሰኞ የስልክ ዳታም ጠፋ። የኡርጂ ውድድር የዚያው ሳምንት እሑድ ነበር።

ረቡዕ ጠዋት ከአስፋልቱ በኩል ጩኸት ይሰማል። ተረፈች ጀሪካኑን ሞልታ ልጇን ጠራች።

"ዛሬ አንቺ ውሰጂው። ወንድ ሲያዩ ነው የሚይዙት፤ ሴት አይነኩም።"

"ሃርሜ፣ አራት ቀን እኮ ነው የቀረኝ!" አለች ኡርጂ። "ጎማ እያቃጠሉ ነው። ጭሱ ፊቴን ያበላሸዋል።"

ተረፈች ጀሪካኑን መሬት ላይ ዘጭ አደረገችው። ሌንጮ ግን ሳቀና ጀሪካኑን አነሳ። "ተያት፣ እሑድ ንግሥት ናት። ተመልሼ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ።

አልተመለሰም። ጥይት ከየት እንደመጣ አላየንም አሉ ያዩት ሁሉ። በቃሬዛ ሲያመጡት ሸሚዙ ግማሹ ደም፣ ግማሹ ወተት ነበር።

በዚያ አገር እህት ወንድሟ ሲሞት ፊቷን ትነጫለች። ማንም አያዛትም፤ እጇ ራሱ ያውቀዋል። ሐሙስ ቀብሩ ላይ ተረፈች "ያ ኢልመ ኮ! ልጄን!" እያለች ጉንጯን ተልትላ ደሟ አንገቷ ድረስ ወርዷል። ኡርጂ ከአጠገቧ ቆማለች። ለመንጨት የእሷን ያህል የተመቸ ጥፍር በመንደሩ አልነበረም። እሷ ግን ጣቶቿን ጨብጣ ብብቷ ሥር ደበቀች። ወንድሟን ትወደው ነበር። ግን እሑድን አሰበች። ይሄ ቢያመልጣት ዕድሜ ልኳን ወተትና እበት ነው። ዓይኗ እንዳያብጥም እንባዋን ዋጠች።

"ምስኪን፣ ደንግጣ ነው" አለች አንዷ ለቀስተኛ።

"ምን ደንግጣ! እሑድ ውድድር አላት" አለች ሌላዋ፣ ድምጿን ሳትቀንስ።

ተረፈች ይህን ሰማች። ዞር ብላ ያን ንጹሕ ፊት ለረጅም ጊዜ አየችው።

እሑድ ንጋት ኡርጂ ጫማዋን በፌስታል ይዛ ከለቅሶው ድንኳን ሹልክ አለች። መኪና የለም። ባርኔጣዋን ደፍታ ዳገቱን በእግሯ ወጣች፣ ቁልቁል ወርዳ ከተማ ገባች። ከቀትር በኋላ አዳራሹ ስትደርስ በሩ ተቆልፏል። ዘበኛው በመገረም አያት። ኤርምያስ ጋ ደወለች።

"እንዴ! ውድድሩ ተሰርዟል እኮ" አላት። "ረቡዕ ጠዋት በአሥራ ሁለት ሰዓት ፌስቡክ ላይ ለጥፈናል። አላየሽም?"

ረቡዕ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሌንጮ ገና ከእንቅልፉ አልተነሳም ነበር።

"ዳታ የለም" አለች።

"ውይ! በቃ አይዞሽ፣ ከፋሲካ በኋላ እንሞክራለን። ብቻ ፊትሽን ጠብቂ።"

ወደ ቤቷ እንዴት እንደተመለሰች አታስታውስም። ድንኳኑ ውስጥ፣ በለቀስተኛው መሃል አልፋ እናቷ እግር ሥር ወደቀች። "ሌንጮ ወንድሜ!" ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ጮኸች። ያን ቀይ ጥፍር ወደ ጉንጯ ሰደደችው። ሳይደርስ ተረፈች ሁለቱንም እጆቿን አንጠልጥላ ያዘቻቸው። አራት ላም የሚያልብ እጅ ቀላል አይደለም።

"ተይ" አለች ተረፈች፣ ቀስ ብላ። "ይሄ ፊት የልጄ ዋጋ ነው። አንዲት ጭረት እንዳላይበት። በየቀኑ እንዲህ እንዳለ አየዋለሁ።"

"ሃርሜ፣ በፈጠረሽ፣ ልንጨው!"

"ሐሙስ ነበር መንጨት።"

አሁን ወተቱን የምታደርሰው ኡርጂ ናት። ሁልጊዜ ማለዳ ተረፈች በሩ ላይ ትጠብቃታለች። ጀሪካኑን ታስይዛታለች፤ ሌንጮ የገዛውን ባርኔጣ በራሷ እጅ ታጠልቅላታለች፤ ክሩን አገጯ ሥር አጥብቃ ታስርላታለች።

"ፀሐይ እንዳይነካሽ" ትላታለች።