አንገቱን የደፋው ባለሥልጣን

እማማ ኡሙልኸይር ጣና ዳር መረብ እየጠገኑ የኖሩ ሴት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ናቸው። አምና ሠፈሩ ሊነሳ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ አንድ ባለሥልጣን መጥቶ ነዋሪውን ሰበሰበ። “ማንም ከዚህ አይነሳም” አለ። ይህን የተናገረው ዓይኑን ወደ ታች ሰብሮ፣ በለሰለሰ ድምፅ ነበር።

እማማ ታላቅ ሰው ፊት አንገት እንደሚደፋ ተምረው ነው ያደጉት።

“አያችሁት? እንዲህ ሰው የሚያፍር አይዋሽም” አሉ።

“እርስዎ ደግሞ አማች የሚመርጡ መሰልዎት?” ብላ ጎረቤታቸው መሪማ ሳቀችባቸው።

መሪማና ሌሎቹ ባለሥልጣኑን አላመኑትም፤ በፈቃዱ ለሚነሳ የተዘጋጀውን ምትክ ቦታ ተቀብለው አንድ በአንድ ወጡ። እማማ ቀሩ። ጧት ወጥተው ሰላም የሚሉት ሰው እንኳ አጡ። ዘንድሮ ቤታቸው እንደሚፈርስ የሚገልጽ ደብዳቤ መጣላቸው። ምትክ ቦታውም አልቋል ተባሉ።

መሪማ ይህን ሰምታ ልትጠይቃቸው መጣች። በዚያ ስብሰባ ላይ ከጎን በኩል የተቀረጸ ቪዲዮ በስልኳ አሳየቻቸው። ባለሥልጣኑ ጭኑ ላይ ስልክ አስቀምጦ ከዚያ ላይ እያነበበ ነበር።

እማማ ዓይናቸውን ወደ ስልኩ አስጠጉ።

“መሪምዬ፣ አንዴ እንኳ ቀና ብሎ አይቶን እንደሁ ፈልጊልኝ።”

መሪማ ቪዲዮውን እያሳለፈች ፈለገች። ሰውዬው ቀና ያለው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ እሱም መኪናው መጥታ ስትቆም።

“ይበቃል” አሉ እማማ።